ቴክሳስ ምርመራውን ካነሳ በኋላ፦ ስለ ፍሬን ዘይታችን

እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ወዲህ ቴክሳስ ውስጥ የግል መኪና በየዓመቱ የደህንነት ምርመራ ማለፍ አይጠበቅበትም። ያስቀረው በ2023 የጸደቀው ኤችቢ 3297 የተባለው ሕግ ነው። ምርመራው ቀረ እንጂ ክፍያው አልቀረም፤ ምዝገባ ስናሳድስ የምርመራው ምትክ ተብሎ 7 ዶላር ከ50 ሳንቲም እንከፍላለን። በዳላስና በካውፍማን ካውንቲዎች፣ ማለትም በመላው ሜስኪት፣ የጭስ ምርመራው ስለቀጠለ ብዙዎቻችን «ኢንስፔክሽን አልፌያለሁ» እያልን እንነዳለን። ያለፈው ጭሱ ነው። ፍሬኑን ያየለት ሰው የለም።

አገር ቤት ቦሎ አለ። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት መኪና በየዓመቱ መመርመር አለበት። በቦሎ ላይ የማያማርር ባለመኪና አላውቅም፤ ሰልፉም ወጪውም ያሰለቻል። ሆኖም ቢያንስ በዓመት አንድ ቀን አንድ ሰው «እስቲ ፍሬን ያዝ» ይላል። እዚህ አሁን ያንን የሚል የለም። ሕጉ ይመለስ ብዬ ልከራከር አልተነሳሁም፤ አብዛኞቹ ግዛቶችም እንዲህ ዓይነት ምርመራ የላቸውም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር የድሮው የቴክሳስ ምርመራም የፍሬን ዘይት ምን ላይ እንዳለ አያሳይም ነበር። ቀዝቃዛ ፍሬን አንዴ ረግጦ መኪናው ቆመ አልቆመም ማለት ሌላ ነው፣ ዘይቱ ሲግል ምን እንደሚሆን ማወቅ ሌላ ነው። ልዩነቱ አሁን ጉዳዩ ሙሉ በሙሉ እኛ ላይ መውደቁ ነው።

እኛ ስል የዚህን መጽሔት አንባቢ ማለቴ ነው። ሜስኪት የዳርት አባል ከተማ አይደለችም፤ ስለዚህ እዚህ ተማሪ ሆኖ ያለ መኪና መኖር ከባድ ነው። የምንገዛው መኪና ደግሞ ወይ ከጨረታ የወጣ፣ ወይ የአጎት ልጅ አዲስ ሲገዛ የለቀቀልን፣ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት የሞላው ኮሮላ፣ ሲቪክ ወይም ኤላንትራ ነው። የሞተር ዘይቱን በሰዓቱ እንቀይራለን፣ በዚህ አንታማም። የፍሬን ዘይቱ መቼ ተቀየረ ተብለን ብንጠየቅ ግን መልስ ያለን ጥቂት ነን። ብዙው ሰው ይቀየራል ብሎ ራሱ አያስብም።

ለዚህ አንዱ ምክንያት ስሙ ይመስለኛል። ፍሬን ዘይት እንለዋለን፣ ነገር ግን ዘይት አይደለም። በአብዛኛው መኪና ውስጥ ያለው ከግላይኮል ኢተር የተሠራ ፈሳሽ ነው። ዘይትና ውሃ አይዋደዱም፤ ይህ ፈሳሽ ግን ውሃ ይወዳል። ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ በማጠራቀሚያው ክዳን በኩል፣ ቀስ እያለ ደግሞ በላስቲክ ቱቦዎቹ ውስጥ አልፎ። መኪናው ቢነዳም ባይነዳም ይጠጣል። ለዚህ ነው ዕድሜው በማይል ሳይሆን በቀን መቁጠሪያ የሚለካው። «ትንሽ ነው የምነዳው» የሚለው ምክንያት ለሞተር ዘይት በመጠኑ ይሠራ ይሆናል፣ ለፍሬን ዘይት አይሠራም።

ውሃው የሚያመጣው ጣጣ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ፍሬን ስንረግጥ የመኪናው ፍጥነት ወደ ሙቀት ይለወጣል፣ ከሙቀቱም ከፊሉ በሸራውና በካሊፐሩ በኩል ወደ ፈሳሹ ይደርሳል። ፈሳሹ እንዳይፈላ ታስቦ ነው የተሠራው። በአሜሪካ መመዘኛ መሠረት አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴልሺየስ (ጠርሙሱ ላይ በፋራናይት 401 ይላል) መፍላት የለበትም። 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲገባበት ግን የሚጠበቅበት 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶት 4 አዲስ ሳለ 230፣ ውሃ ሲገባበት 155 ነው። ዶት 5.1 ደግሞ 260 እና 180። ከመቶው አራት እጅ የማይሞላ ውሃ ይህን ያህል ያወርደዋል። ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ እንደ ፈሳሽ ግፊት አያስተላልፍም፣ ይጨመቃል። ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፣ መኪናው ይሄዳል።

አገር ቤት «ፍሬን እምቢ አለው» ሲባል የምንሰማው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይገባዋል፤ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ሸምገል ያሉ ሾፌሮች ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ውረድ፣ ፍሬን ላይ አትተኛ የሚሉት ለዚሁ ነው። ተንኮሉ ደግሞ ፈሳሹ ሲበርድ ፔዳሉ መመለሱ ነው። መኪናው ጋራዥ ሲደርስ መካኒኩ ረግጦ ያየውና ደህና ነው ይላል። ሾፌሩ ዋሸ ይባላል።

«ዳላስ ግን ሜዳ ነው» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ ሜዳ ነው። ከታውን ኢስት እስከ ጋርላንድ በ635 ለመሄድ የዓባይን በረሃ መውረድ አያስፈልግም። ግን ሁላችንም ለሠርግም ለኳስ ውድድርም አምስት ሰው ከነሻንጣው ጭነን ከግዛት ግዛት እንሄዳለን። ወደ ዴንቨር በአማሪሎ በኩል የሄደ ሰው ኒው ሜክሲኮን ከኮሎራዶ የሚለየውን የራቶን ፓስን ቁልቁለት ያውቀዋል። በጁላይ ሙቀት በ635 ላይ ከ70 ማይል ፍጥነት በድንገት ቆሞ፣ ተነስቶ፣ ደግሞ መቆምም ቀላል ሥራ አይደለም።

ይሁን እንጂ ከቤት እስከ ካምፓስና እስከ ሥራ ብቻ ለሚነዳ ሰው ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሁለተኛው ጣጣ ነው፦ ዝገት። የገባው ውሃ የካሊፐሩን ፒስተን፣ የብረት ቱቦውንና የኤቢኤሱን ጥቃቅን ቫልቮች ከውስጥ ይበላል። በአዲስ ፈሳሽ ውስጥ ዝገት የሚከላከል ቅመም አለ፣ እሱም ከዓመት ዓመት ያልቃል። አንድ ጠርሙስ ዶት 3 ከአንድ ምሳ ይረክሳል። የኤቢኤስ ክፍሉ ሲበላሽ ግን ከነሥራው ከሺህ ዶላር በላይ ሊጠይቅ ይችላል፣ ይህም ለብዙዎቻችን መኪና ዋጋ ሩብ ነው። ተማሪ እንዲህ ያለ ወጪ ሲመጣበት የሚያደርገውን እናውቃለን፤ የኤቢኤስ መብራቷ በርታ እያለች ይነዳል።

ወደ ምርጫው ልምጣ፣ ምክንያቱም ሱቅ ውስጥ መደርደሪያው ፊት የሚቆም ሰው ግራ የሚጋባው እዚያ ላይ ነው። መልሱ መኪናው ላይ ተጽፏል። ኮፈኑን ክፈቱና የማጠራቀሚያውን ክዳን እዩ፤ የትኛውን ዶት እንደሚጠቀምና ፈሳሹ ካልተከፈተ ዕቃ እንዲወሰድ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ እዚያው ወይም አጠገቡ መኖሩ በአሜሪካ ግዴታ ነው። ዶት 3 ካለ ዶት 3 ግዙ። ዶት 4 በዶት 3 ምትክ ቢገባ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፣ ግን መኪናችሁ ስላልጠየቀው ተጨማሪ መክፈል ለምን እንደሚያስፈልግ አይገባኝም። የተገላቢጦሹን፣ ዶት 4 ለሚጠይቅ መኪና ዶት 3 መስጠትን፣ አታድርጉ።

ወጥመዱ ዶት 5 ነው። ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ የተሻለ ይመስላል። ዶት 5 ሲሊኮን ነው፣ ቀለሙም ወይን ጠጅ፤ ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀልም፣ ኤቢኤስ ላላቸው የእኛ መኪኖችም አይሆንም። በስም የሚመስለው ዶት 5.1 ግን ግላይኮል ነው፣ የዶት 3 እና 4 ዘመድ። አንዲት ነጥብ ይህን ያህል ልዩነት እንድታመጣ ስሙን ያወጣው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ።

ከዶት 5 የባሰው ደግሞ እውነተኛ ዘይት ነው። የሞተር ዘይት፣ የመሪ ዘይት ወይም የትራንስሚሽን ዘይት በፍሬን ማጠራቀሚያ ውስጥ ከገባ መካኒኮች ጎሚኒ የሚሏቸውን ላስቲኮች ሁሉ ያሳብጣል። ፍሬኑ ይነክስና አይለቅም፣ ወይም ጨርሶ አይዝም። በሲፈን መጥጦ ማውጣት አይበቃም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከማስተር ሲሊንደሩ እስከ ካሊፐሮቹ ላስቲክ ያለበት ሁሉ ይቀየራል። «ዘይት ነው፣ ዘይት ጨምርበት» የሚለው ምክር ከስሙ የተወለደ ነው፣ እኔም በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። አጎቴ ደግሞ ትራክ ነው የሚነዱት፤ ስለ ፍሬን ዘይት ስናወራ «የእኔ መኪና እሱ የሚባል ነገር የለውም» ብለው ይስቃሉ። እውነታቸውን ነው፣ ተሳቢ የሚጎትቱት ትልልቅ መኪኖች ፍሬን የሚይዙት በአየር ግፊት ነው። ከእሳቸው ምክር የምቀበለው ብዙ ነገር አለ፣ ይህን ግን ለኮሮላ አላውለውም።

«ጎደለ፣ ጨምርበት» የሚለው ልማድም መነሳት አለበት። የፍሬን ሥርዓት ዝግ ነው፤ ፈሳሹ እንደ ነዳጅ አይቃጠልም፣ እንደ ሞተር ዘይትም አይጠጣም። ከጎደለ ምክንያት አለው። ቀስ እያለ ከወራት በኋላ ዝቅ ካለ ሸራው እያለቀ ይሆናል፤ ሸራው ሲሳሳ የካሊፐሩ ፒስተን ወደ ውጭ ይገፋል፣ ከኋላው የሚተወውን ቦታም ፈሳሹ ይሞላዋል። በድንገት ከጎደለ የሚያንጠባጥብ ቦታ አለ፣ ያን መኪና ደግሞ ተጎትቶ ይሂድ እንጂ አትንዱት። በሁለቱም በኩል ጠርሙስ ከፍቶ እስከ አፉ መሙላት መልእክቱን መደበቅ ነው። ማስጠንቀቂያ መብራቷ ትጠፋለች፣ ሰውየው ይደሰታል፣ ሸራው ግን አሁንም አልቋል። በኋላ አዲስ ሸራ ሲገባ ፒስተኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ የተጨመረው ፈሳሽም ሞልቶ ቀለሙ ላይ ይፈስሳል። ፍሬን ዘይት የመኪና ቀለም ይልጣል፤ ከፈሰሰ ወዲያው በብዙ ውሃ አጥቡት። ካለፈው ዓመት ተከፍቶ ጋራዥ ጥግ የቆየውን ጠርሙስ ደግሞ ጣሉት፤ እሱም ሲጠጣ ነው የከረመው። ስትጥሉት ወደ ፍሳሽ አትድፉት፣ አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበል ቦታ ውሰዱት።

መቼ ይቀየር? እዚህ ላይ አምራቾቹ ራሳቸው አይስማሙም። ሆንዳ በየሦስት ዓመቱ ይላል። ቢኤምደብሊውና መርሰዲስ በየሁለት ዓመቱ። በሌሎች መኪኖች የአገልግሎት መጽሐፍ ላይ «መርምር» የሚል እንጂ «ቀይር» የሚል አታገኙም፣ ብዙ ሰውም በዚህ ተደግፎ አያስፈልግም ይላል። እኔ አልስማማም። መርምር ማለት ምንድን ነው? በዓይን ማየት ከሆነ ቀለም ብዙ አይናገርም፤ ውሃ የጠጣ ፈሳሽ ጥርት ብሎ ሊታይ ይችላል፣ የጠቆረም ሁሉ ውሃ አለበት ማለት አይደለም። ስለዚህ መጽሐፉ ቀን ከሰጣችሁ ቀኑን ያዙ። ካልሰጣችሁ ሦስት ዓመትን ውሰዱ። ታሪኩ የማይታወቅ የጨረታ መኪና ከገዛችሁ ደግሞ በገዛችሁበት ወር ቀይሩና ከዚያ ቁጠሩ። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ብዕሮች አሉ፣ ግምት ይሰጣሉ፤ «ቀይር» ካሉ እመኗቸው፣ «ደህና ነው» ካሉ ግን ቀን ቁጠሩ።

አሁን ዋናው ክርክሬ ላይ ደረስኩ። ዘይት ለማስቀየር ስንገባ ሠራተኛው ታብሌቱን ይዞ ይመጣና ይዘረዝራል፦ የአየር ፊልተር፣ የኢንጀክተር ማጠቢያ፣ የሞተር ማጠቢያ፣ የፍሬን ዘይት። እኛም ከታላላቆቻችን በወረስነው ጥርጣሬ «ኖ፣ ዘይቱን ብቻ» እንላለን። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልመጣም። እኔን አንድ ቦታ ገና በስድስት ወሩ የፍሬን ዘይቴን ቀይር ብለውኛል፣ ክዳኑን እንኳ ሳይከፍቱ። ግን ሁሉንም በአንድ «ኖ» መመለስ ሁሉንም ከመቀበል አይሻልም፤ በሁለቱም በኩል የሚወስነው ሠራተኛው ነው። የራሱን ቀን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው በዕውቀት እምቢ የሚለው፣ በዕውቀትም እሺ የሚለው። ለእኔ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ቀኑ ካለፈ ፈጽሞ እምቢ የማይባለው ይህ ነው፤ ሌሎቹ ሞተሩን ይመለከታሉ፣ ይህ መቆምን።

እሺ ካላችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያለውን ብቻ መጥጠው ሊሞሉት ነው ወይስ በአራቱም ጎማ በኩል አሮጌውን አስወጥተው? ሁለተኛው ነው ሥራው፤ ካሊፐሩ አጠገብ ያለው፣ አብዝቶ የሚግለው ፈሳሽ ከላይ በመምጠጥ አይወጣም። የትኛውን ዶት ሊያስገቡ ነው? ጠርሙሱስ አሁን የሚከፈት ነው? ዋጋው እንደ መኪናውና እንደ ጋራዡ ይለያያል፣ መቶ ዶላር አካባቢ ወይም ከዚያ ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ። ሁለት ሰው ሆኖ፣ አንዱ እየረገጠ ሌላው በካሊፐሩ ቡሎን በኩል እያስወጣ፣ ግቢ ውስጥም ይሠራል። ፕሪየስ ያላችሁ ግን አትሞክሩት። የእሱ ፍሬን በኤሌክትሪክ ፓምፕ ግፊት ስለሚይዝ በኮምፒውተር ታዞ ነው አየሩ የሚወጣው።

ሌላም ማጣራት ያለባችሁ ነገር አለ። በሴፕቴምበር 2023 ሂዩንዳይና ኪያ በድምሩ ወደ 3.4 ሚሊዮን የሚጠጋ መኪና አሜሪካ ውስጥ ጠርተዋል። ምክንያቱ የኤቢኤስ ክፍሉ ውስጥ የፍሬን ፈሳሽ አፍስሶ ኤሌክትሪኩን በማገናኘት ቆሞ እንኳ እሳት ሊያስነሳ መቻሉ ነው፤ እስኪጠገን ውጭ፣ ከቤት ርቆ ይቁም ተብሏል። ከ2011 እስከ 2015 የተሠራው ኤላንትራ ከነዚያ ውስጥ ነው፣ ኦፕቲማና ፎርቴም አሉበት። በካምፓሳችን ፓርኪንግ እነዚህን መኪኖች ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። መኪናው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የጥሪው ደብዳቤ የሚሄደው ወደ አሮጌው አድራሻ ሊሆን ይችላል። አሥራ ሰባት ፊደልና አኃዝ ያለውን የሻንሲ ቁጥር በፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብታችሁ ማየት ሁለት ደቂቃ ነው፣ ጥገናውም በነጻ ነው።

ማኅበራችንን በተመለከተ ያለኝ ሐሳብ ይህ ነው። ለእንቁጣጣሽ አዳራሽ እንከራያለን፣ ለቡና ፕሮግራም ቄጤማ እንጎዘጉዛለን፤ ጥሩ ነው፣ ይቀጥል። በመጸው ሴሚስተር መጀመሪያ ግን አንድ ቅዳሜ ጠዋት ፓርኪንጉ ላይ ኮፈን እንክፈት። የምንጠግነው ነገር የለም፣ ማንም ክዳን ከፍቶ ምንም አይጨምርም፤ «አንድ ነገር ቢበላሽ ማን ይጠየቃል» ለሚሉት የኮሚቴ አባላት መልሴ ይኸው ነው። ክዳኑ ላይ ያለውን እናነባለን፣ ልኩ ከላይና ከታች መስመር መካከል መሆኑን እናያለን፣ የሻንሲውን ቁጥር እንፈትሻለን፣ የሚያስታውስ ካለ የመጨረሻውን ቀን እንጠይቃለን። ከዚያ በወረቀት ፕላስተር ላይ ወሩን፣ ዓመቱንና የዶቱን ቁጥር ጽፈን ኮፈኑ ሥር እንለጥፋለን። ቀኑን የማያውቅ «አይታወቅም» ብሎ ይለጥፍ፤ ከዓመት በኋላ መኪናውን የሚገዛው ሌላ ተማሪ ቢያንስ ያንን ያነባል። ፕላስተሩንና እስክሪብቶውን እኔ አመጣለሁ፣ እናንተ የመኪናውን መጽሐፍ አምጡ።